በሰው ስክሪን ላይ ያለ ፊት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ስኩዌር ኢኒክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 14 ለተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ተጫዋቾች አንድ ነጻ የመሞከሪያ ሶፍትዌር ለቀቀ። ጨዋታው በ2013 እንደ አዲስ ከተጀመረ 11 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፤ ሥዕሉም አርጅቶ ነበር። በጁላይ ዳውንትሬይል የተባለው ክፍል ሲወጣ ቆዳው፣ ፀጉሩ፣ ልብሱና ጥላው ሁሉ ሊታደስ ታስቦ ነበር። ሶፍትዌሩ የተጫዋቹ ኮምፒውተር አዲሱን ሥዕል ይችለው እንደሆነ ይለካል። ከዚያም በላይ ተጫዋቹ ለዓመታት ይዞት የኖረውን ገጸ ባሕርይ አስገብቶ በአዲሱ መልኩ አስቀድሞ ያየዋል። ሰዎች በጉጉት ከፈቱት። ብዙዎቹ ግን ያገኙት እንግዳ ሰው ነው። ዓይኑ ፈዟል፣ አፉ ሌላ ቅርጽ ይዟል፣ ብርሃኑ ጉንጩ ላይ የሚያርፈው እንደ ድሮው አይደለም። ይህ እኔ አይደለሁም የሚል ቅሬታ ከየአገሩ ጎረፈ። የጨዋታው ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር ናኦኪ ዮሺዳ ቅሬታውን ሰምተው በሜይ ወር የተስተካከለ ሶፍትዌር እንዲወጣ አደረጉ።

ይህን ነገር ደጋግሜ ሳስበው ኖሬአለሁ። በተጫዋቾቹ በኩል አንዲት ነገር እንኳ አልተነካችም፤ የመረጡት ሁሉ እንደመረጡት ነበር። ታዲያ የጠፋባቸው ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ፊት እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ተጫዋቹ መጀመሪያ ዘር ይመርጣል፦ የድመት ጆሮና ጅራት ያላትን ሚኮቴ፣ ሕፃን የሚያህለውን ላላፌል፣ ቀንድና ቅርፊት ያለውን አው ራ። ቀጥሎ የፊቱን ዓይነት በቁጥር፣ ቅንድቡን በቁጥር፣ አገጩን በቁጥር ይወስናል። ቁመቱን ከ0 እስከ 100 ባለው መስመር ላይ ወዲህና ወዲያ እየጎተተ ያስተካክላል። የቆዳው ቀለም ከሠንጠረዥ ላይ የሚነካት አንዲት ትንሽ ካሬ ናት። ሰዎች በዚህ ገጽ ላይ ሰዓታት ያሳልፋሉ፤ አንዳንዱ ወደ ጨዋታው ሳይገባ ይመሽበታል። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ተጠቃሎ 26 ባይት ውስጥ ይገባል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 26 ባይት የሚችለው 8 ፊደል ነው። የአንዳንዶቻችን ስም ከነአባት ስማችን አይገባበትም።

ሰርቨሩ በአካባቢው ላለው ሰው ሁሉ የሚልከው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ሥዕሉ አይላክም። ቁጥሮቹን ተቀብሎ ፊቱን የሚሥለው የየሰው ኮምፒውተር ነው። አደባባይ ላይ 100 ሰው ቢያየኝ በ100 ቤት ውስጥ 100 ጊዜ እሣላለሁ፤ አንዱ ባለ ጥሩ ኮምፒውተር ሽፋሽፍቴን ሳይቀር ያያል፣ ሌላው በአሮጌ ላፕቶፕ ደብዛዛ ጥላ ያያል። ሁለቱም ግን እኔን ያውቁኛል፣ በስሜ ይጠሩኛል። እንግዲህ ፊቴ ቁጥሮቹ ውስጥ ነው እንዳልል በ2024 ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ፊቱ ጠፍቷል። ሥዕሉ ውስጥ ነው እንዳልል ሥዕሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ቅሬታ የሚያነሣም የለም።

እኔ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ተጫዋቾቹ ያጡት የረጅም ጊዜ መተያየትን ነው። ያን ፊት ሌሊት ሲዋጋ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ከጓደኛ ጋር እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያወራ አይተውታል፤ ጓደኞቻቸውም እንዲሁ አይተውታል። ዓይን ያንን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ሰው አድርጎታል። ደብዛዛ ፎቶግራፍ ላይ የእናቱን ፊት ለመለየት የሚቸገር የለም፤ ጥርት ባለ ፎቶ ላይ እናቱን የምትመስል ሌላ ሴት ብታሳየው ግን ወዲያው አይደለችም ይልሃል። አዲሱ ሥዕል ጥርት ያለ ነበር። የጎደለው ያ ትውውቅ ነው፤ ትውውቅ ደግሞ ፒክስል በመጨመር አይመጣም። ስለዚህ ቅሬታውን የቅንጦት ጩኸት አድርገው ያዩትን ሰዎች አልቀበላቸውም። ኩባንያው ሰምቶ ማስተካከሉ ትክክል ነበር።

መምረጥ የምንለው ነገር ግን ከሠንጠረዥ ይጀምራል፤ ሠንጠረዡንም የሠራው ሰው አለ። ተጫዋቹ ነጻ የሚሆነው ሌላው አስቀድሞ ባሰበው ልክ ነው።

ፌስፓንች ስቱዲዮ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ራስት በተባለው ጨዋታው ይህን ነጻነት ሆን ብሎ ነሥቷል። በ2015 የገጸ ባሕርይን የቆዳ ቀለም፣ በ2016 ደግሞ ጾታውን ጨዋታው ራሱ እንዲመድብ አደረገ። ምደባው ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር ካለው የተጫዋቹ አካውንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይለወጥም። ነጭ ሆኖ ጥቁር ገላ የደረሰው፣ ወንድ ሆኖ የሴት ገላ የደረሰው ብዙ ነው፤ የተቆጣውም ጥቂት አልነበረም። የስቱዲዮው መሪ ጋሪ ኒውማን ግን ውሳኔያቸውን በአደባባይ ተከላከሉ። ራስት በሕይወት የመትረፍ ትግል እንጂ የገጸ ባሕርይ ታሪክ የሚነገርበት ጨዋታ አይደለም፤ ሆኖም ጥያቄው አንድ ነው። ገላችንን ማንኛችንም መርጠን አልመጣንምና ድፍረታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በቁጣው ጊዜ ብዙም ያልተነገረ ነገር አለ። በሠንጠረዡ ውስጥ ያልታሰበ ሰው በሌሎቹም ጨዋታዎች የኖረው እንዲሁ ነው። የሰጡትን ገላ ለብሶ ተጫውቷል።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ውሰዱ። ጨዋታው የወጣው በኖቬምበር 2004 ነው። ጥቁር ቆዳ መምረጥ ይቻል ነበር፤ ከቆዳው በታች ያለው የፊት ቅርጽ ግን ያው የነጩ ነው፣ ፀጉሩም የነጩ ነው። በቁጥር ሲታይ ጥቁር ሰው አለ፤ ቀርቦ ላየው የለም። አዳዲስ የፊት ቅርጾች፣ የቆዳ ቀለሞች፣ ጥቅልልና የተጎነጎነ ፀጉር የተጨመሩት ሻዶውላንድስ የተባለው ክፍል ሊወጣ ሲል በኦክቶበር 2020 ነው። 16 ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶት ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጨዋታውን የጀመረ ወጣት እስከዚያ ድረስ አግብቶ ልጅ ወልዷል።

የክፋት ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ ከዚያ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። ፀጉርን በኮምፒውተር መሣል ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው፤ ሳይንሱም ለአሥርት ዓመታት ፀጉር ሲል ለስላሳና ቀጥ ያለውን ማለቱ ነበር። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቴዎዶር ኪም በ2020 ይህንኑ በጽሑፍ አንሥተዋል። የሰው ቆዳ የሚል ርእስ የተሰጣቸው ጥናቶች ያጠኑት ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚበተንበትን የነጭ ቆዳ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ የሚታየው የላይኛው ወዝ ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በ2024 ደግሞ ኪም ከአርቲስቷ ኤ. ኤም. ዳርክና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ክርር ላለ ፀጉር የሚሆን አሣሣል አሳተሙ። ከጥናታቸው አንዱ ነገር እንዲህ ነው፦ ክርር ያለ ፀጉር ከራስ ቅሉ ሲነሣ እያንዳንዱ ዘለላ በየራሱ ይታጠፋል፣ ሥሩ አካባቢ የተዘበራረቀ ነው። ጥቂት ከፍ ሲል ግን ጎረቤታሞቹ ዘለላዎች ተያይዘው አብረው መጠምዘዝ ይጀምራሉ፣ ጫፉ ላይ አንድ ጥቅል ይሆናሉ። ጎፈሬ በሚዶ ያበጠረ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ሚዶው ጫፉ ላይ እሺ ብሎ ሥሩ ላይ የሚይዘው ለዚህ ነው። እጅ የሚያውቀው ነገር ወደ ሒሳብ ቀመር እስኪገባ ድረስ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ።

ለእኛ ደግሞ ፀጉር የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቁንጮ ያለው ሕፃን ነው፤ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ ናት፤ ጎፈሬውን ያሳደገ አርበኛ ከጠላት ጋር ያለው ጉዳይ እንዳላለቀ በሩቅ ያስታውቅ ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ግን የሚያነባቸው ሰው ባለበት አገር ነው። ሳዱላን የማያውቅ መንገደኛ የሚያየው መሐል አናቷን የተላጨች ልጅ ብቻ ነው።

ሠንጠረዡ ያልያዘለት ሰው ምን ያደርጋል? የሚችል ከሆነ ራሱ ይሠራል። ሞድ የምንለው ይኸው ነው። በፋይናል ፋንታሲ 14 አንድ ፀጉር የሚሠራ ሞደር ከጨዋታው ፋይል የራስ ቅሉን አውጥቶ ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር ይከፍታል። ጉንጉኑን አንድ በአንድ ይቀርጻል። ከዚያ አሰልቺው ሥራ ይመጣል፦ እያንዳንዱ የፀጉሩ ክፍል የትኛውን አጥንት እንደሚከተል በቁጥር ማሰር አለበት፤ በደንብ ካላሰረው ገጸ ባሕርዩ ሲሮጥ ፀጉሩ ኋላ ይቀራል ወይም ትከሻውን ሰንጥቆ ያልፋል። ረዣዥም ጆሮ ያላቸው፣ ቪዬራ የተባለው ዘር ገጸ ባሕርያት ለዓመታት ብዙውን ኮፍያ ቢያደርጉ አይታይም ነበር፤ ኩባንያው ያልሠራላቸውን ኮፍያ ጆሮውን እያሳለፉ የሚሰፉላቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የተሠራው ነገር ፔነምብራ በተባለ ሶፍትዌር በኩል ይገባል። ጨዋታው አንድ ፋይል ሲጠይቅ ፔነምብራ ሌላውን ያቀብለዋል፤ ዋናው ፋይል ግን እንዳለ ይቀመጣል። አብዛኛው በነጻ የሚሰጥ ነው። ለማያውቁት ሰው ራስ ሌሊቱን ፀጉር ሲጎነጉኑ የሚያድሩትን እነዚህን ሰዎች ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ከላይ ያየነው የ26 ባይት ጉዳይ ይመለሳል። ሞዱ ያለው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሊምሳ ሎሚንሳ በምትባለው የወደብ ከተማ አደባባይ ላይ ተጫዋቾች ከሥራ መልስ ይሰበሰባሉ፤ ይቆማሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይተያያሉ። እኔ እዚያ መሐል በአዲሱ ሹሩባዬ ቆሜ ራሴን አያለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው የሚያየው ግን ከሠንጠረዡ የወጣውን የድሮውን ፀጉሬን ነው። ሁለታችንም አንድ ቦታ ቆመናል፤ በመካከላችን ሁለት እኔ አሉ። ስለ ሹሩባዬ ምንም አይለኝም፣ አላየውምና። መጀመሪያ ላይ ይህ የሚበቃ ይመስላል፤ እኔ ካየሁት ምን ጎደለኝ ያሰኛል። ሰው ግን ለራሱ ብቻ ተውቦ ብዙ ጊዜ አይቆይም።

በሜይ 2021 በርሰርክ የተባለው የሥዕል ልብወለድ ደራሲ ኬንታሮ ሚዩራ ማረፋቸው ሲሰማ የፋይናል ፋንታሲ 14 ተጫዋቾች በየከተማው አደባባይ ወጡ። በጨዋታው ውስጥ ዳርክ ናይት የሚባል ሙያ አለ፤ ግዙፍ ሰይፍ የሚሸከም ተዋጊ ነው፣ የሚዩራን ጀግና ያስታውሳል። ሰዎቹ ያንን ሙያ ይዘው፣ ሰይፋቸውን በጀርባቸው አድርገው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ዝም ብለው ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም። ይህ ለቅሶ ሊሆን የቻለው ሁሉም ሁሉንም እንዲያ ለብሶ ስላየው ነው። እያንዳንዱ በራሱ ስክሪን ላይ ብቻ ሰይፍ ተሸክሞ ለሌላው ሌላ ነገር መስሎ ቢታይ ኖሮ የሐዘን ልብስ የለበሰ ሰው አይኖርም ነበር። ጨዋታ ነው ለሚሉኝ ሰዎች የማነሣላቸው ይህንን ቀን ነው።

ማሬ ሲንክሮኖስ የተባለው ሶፍትዌር የመጣው ሞድ ለሌላ ሰው ስለማይታይ በተፈጠረው ክፍተት ነው። ሁለት ሰዎች ኮድ ይለዋወጡ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ያስገባል፣ ሌላውም የዚያኛውን። ሁለቱም ካልተስማሙ አይሠራም ነበር። ከተስማሙ ግን የአንዱ ሞድ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ይወርድ ነበር፤ ሹሩባዬን ጓደኛዬ ያየው ነበር። በዚህ መንገድ ትልልቅ ማኅበሮች ተፈጠሩ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ የቴክኒኩ ብልሃት ሳይሆን ያ የኮድ ልውውጥ ነው። በሥጋዊው ዓለም ፊቴን ለማሳየት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም፤ እዚህ ግን እንዲህ ሆኜ እየኝ፣ እኔም አንተ እንደፈለግኸው ላይህ ማለት ያስፈልግ ነበር። መተያየት ቃል የሚገቡበት ነገር ሆነ።

በኦገስት 2025 የማሬ ሠሪ ከስኩዌር ኢኒክስ በኩል ጥያቄ ስለመጣበት አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሐዘኑ ብርቱ ነበር። ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው ሞድ አልተነካም፤ እያንዳንዱ አሁንም በራሱ ስክሪን ራሱን እንደወደደው ያያል። የተወሰደባቸው የሌላው ዓይን ነው። ሐዘኑ ይህን ያህል መሆኑ ከ2024ቱ ቅሬታ ጋር አንድ ነገር ይነግረኛል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰው የጮኸው ለትውውቁ ነው።

ዮሺዳ ከዚያ በኋላ መግለጫ አወጡ። የጨዋታው ደንብ የውጭ ሶፍትዌርን ሁሉ ይከለክላል። እርሳቸው ግን ሞድን በትዕግሥት እንደሚመለከቱት፣ መስመሩም የሌላውን ተጫዋችና የጨዋታውን አገልግሎት አለመጉዳት እንደሆነ ገለጹ። የኩባንያው ችግር ይገባኛል። አንዳንድ ልብስ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ ያልገዛ ሰው ሁሉ በሞድ ለብሶት ለጓደኛው ከታየ ገዢ ይቀንሳል፣ ሰርቨሩም በገንዘብ ነው የሚቆመው። ፈተና ያለፈ ሰው ብቻ የሚይዘውን መሣሪያ ማንም ይዞት ቢታይም ያለፈው ሰው ድካም ይረክሳል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሞድ በእኔ ኮምፒውተር ላይ የእኔን ገላ ብቻ አይለውጥም። የጨዋታውን አንድ ቀሚስ ፋይል ብለውጥ ያንን ቀሚስ የለበሰ ሁሉ በስክሪኔ ላይ ይለወጣል። ሰው ቢፈልግ አደባባይ ላይ የቆመችውን ሴት ልብሷን ሊያወልቃት ይችላል። እርሷ አታውቅም፣ ወደፊትም አታውቅም፤ በእርሷ ስክሪን ላይ ልብሷ እንዳለ ነው። ምን ተጎዳች የሚል ክርክር ሰምቻለሁ፤ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ ሐሳብ ቁጠረው ይላሉ። ልስማማ አልቻልኩም። ያቺ ሴት ሰዓታት ተቀምጣ የቅንድቧን ቁጥር የመረጠችው እንዲህ ሆኜ እታያለሁ ብላ በእኛ ስለተማመነች ነው። ፊቷ በእኔ ቤት ውስጥ ይሣላል፤ በእኔ ቤት ስለተሣለ ግን የእኔ አይሆንም። አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ባያይም ይበላል። ለዚህ ነው በማሬ የነበረውን የሁለት ወገን ስምምነት ከደንቡ ጥሰት ለይቼ የማየው፤ ማሬ የተከለከለ ሶፍትዌር ቢሆንም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነበር። ይህኛው ግን ማንም ሳይጠየቅ በየቤቱ ሊደረግ ይችላል፤ ለማወቅም ለመቆጣጠርም መንገድ የለውም። በሕግ የሚደረስበት ስላልሆነ የቀረው የተጫዋቹ ጨዋነት ነው፣ ስለ እርሱም ተጫዋቾች እርስ በርስ በግልጽ ሲነጋገሩ ብዙ አልሰማሁም።

ማሬ ከተዘጋ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ሶፍትዌሮች ብቅ ብቅ አሉ። ሰዉ ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ ገባ፤ አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር ስለማይነጋገር የትናንት ጓደኛሞች ዛሬ አንዱ ሌላውን በቀድሞው ፊቱ ያየዋል። ኩባንያው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የሚሸጠውን ልብስና በድካም የሚገኘውን መሣሪያ ለይቶ ይከልክል፤ መብቱ ነው። ሠንጠረዡ ያልያዘውን ፀጉር፣ ጆሮ የማይሸፍነውን ኮፍያ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ያልታሰበለትን የፊት ቅርጽ ግን ወይ ራሱ ሠርቶ ሁሉም እንዲያየው በ26ቱ ባይት ውስጥ ቁጥር ይስጠው፣ ወይም እስኪሠራው ድረስ በስምምነት የሚተያዩትን ሰዎች ይተዋቸው።